አንድ ስም፣ ሁለት ፕሮሰሰር፦ የላፕቶፕ "አይ7" ከዴስክቶፕ "አይ5" እንዴት ሊያንስ ይችላል?

የውጫሌን ውል በታሪክ ክፍለ ጊዜ ያልሰማ ተማሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ1889 (በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.) አምባሰል ውስጥ ተፈረመ። አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ባላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መገናኘት ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የአንቀጹ ቁጥር አንድ ነው፤ የሚለው ነገር ግን ሁለት።

ዛሬ ከውጫሌ ወይም ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ኮምፒውተር ሊገዛ ደሴ የሚሄድ ተማሪም የሚገጥመው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። "ይሄኛው ኮር አይ5 ነው፤ ያኛው ግን አይ7 ስለሆነ ጨመር ታደርጋለህ" ይባላል። አይ7 ከአይ5 ይበልጣል ተብሎ ብር ይጨመራል። ገንዘቡ ደግሞ የቤተሰብ ነው፤ የተገዛው ኮምፒውተርም የዩኒቨርሲቲ ቆይታን ሙሉ እንዲያገለግል ይጠበቃል። ችግሩ "አይ7" የሚለው ስም ላፕቶፕ ላይና ዴስክቶፕ ላይ ሲለጠፍ አንድ ነገር አይናገርም። ለምን እንደማይናገር ከገባችሁ፣ ከስሙ ይልቅ ምን ማየት እንዳለባችሁም በዚያው ይገባችኋል።

ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው

ሁለት የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን እንውሰድ። ሁለቱም ካቢ ሌክ የሚባለው ትውልድ አባላት ናቸው፤ ውስጣዊ ንድፋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የተሠሩትም በተመሳሳይ የ14 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ነው። ቁጥራቸው ሳይቀር ይመሳሰላል።

የመጀመሪያው ኮር አይ7-7500ዩ ይባላል፤ የላፕቶፕ ነው። 2 ኮር አለው። መደበኛ ፍጥነቱ 2.7 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ለአጭር ጊዜ እስከ 3.5 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ካሹ፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን መረጃ አጠገቡ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ማኅደር፣ 4 ሜጋባይት ነው። የሙቀት ልኩ 15 ዋት ነው።

ሁለተኛው ኮር አይ5-7500 ይባላል፤ የዴስክቶፕ ነው። 4 ኮር፣ መደበኛ 3.4 ጊጋኸርዝ፣ ሲፈጥን 3.8 ጊጋኸርዝ፣ ካሹ 6 ሜጋባይት፣ የሙቀት ልኩ 65 ዋት።

አያችሁ? "ትንሹ" አይ5 የኮሩ ቁጥር የ"ትልቁ" አይ7 እጥፍ ነው። ኮር ማለት ብቻውን ሥራ መሥራት የሚችል አንድ የፕሮሰሰር ክፍል ነው፤ አራት ኮር አለው ማለት አራት ሠራተኛ አለው እንደማለት ነው። የኮሩን ቁጥር በመደበኛው ፍጥነት ብናባዛ ላፕቶፑ 5.4፣ ዴስክቶፑ 13.6 ይመጣል፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ይህ ሻካራ ስሌት ነው። የላፕቶፑ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራዎችን እያፈራረቀ የሚያስኬድበት ዘዴ ስላለው ልዩነቱ በተግባር ጠበብ ይላል። አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ታዲያ ኢንቴል ዋሽቷል? አልዋሸም። "አይ7" የሚለው ስም ደረጃ ነው፤ ደረጃው ግን በየቤቱ ነው። 7500ዩ ከላፕቶፕ ወንድሞቹ መካከል ከፍ ያለ ነው፤ አይ5-7500 ደግሞ ከዴስክቶፕ ወንድሞቹ መካከል መሐል ላይ ያለ ነው። አንዱን ክፍል የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከሌላ ክፍል ሦስተኛ ጋር በደረጃ ቁጥር ብቻ ማወዳደር አይቻልም።

ሁሉም ነገር የሚመጣው ከሙቀት ነው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፦ ላፕቶፑ ለምን 15 ዋት ላይ ተገደበ?

ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት ካልወጣ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሙቀት እየጨመረ ይሄዳል። ነገሩን ለማየት ሐይቅ ከተማ ዳር ያለውን ሎጎ ሐይቅን አስቡ። ውሃ ይገባበታል፤ በምድር ገጽ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ውሃው የሚቀንሰው በትነትና በምድር ውስጥ ስርገት ነው። የሚገባው ሲበልጥ ከፍታው ይጨምራል፤ ከፍ ሲልም እየሰፋ ስለሚሄድ ትነቱ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ የሚገባውና የሚወጣው እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ይረጋል።

ፕሮሰሰርም እንደዚያው ነው። የሚገባው ኤሌክትሪክ፣ የሚወጣው ሙቀት፣ የውሃው ከፍታ ደግሞ የሙቀት መጠኑ ነው። ልዩነቱ ፕሮሰሰር ማለፍ የሌለበት ዳርቻ አለው፤ ለብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መቀነሱ ካልበቃው ደግሞ ማሽኑ ይጠፋል።

ዴስክቶፕ ሰፊ ካርቶን የሚያህል ቤት አለው። ፕሮሰሰሩ ላይ ጡብ የሚያህል የብረት ማቀዝቀዣ ይቀመጥበታል፤ በላዩ ትልቅ ማራገቢያ፣ በዙሪያው ብዙ አየር። 65 ዋት ማስወጣት አይከብደውም። ላፕቶፕ ግን ሁሉንም ነገር ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ውስጥ ማስገባት አለበት። ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀቱን የሚወስድ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ቀጫጭን የብረት ክንፎች፣ አጠገባቸው ትንሽ ማራገቢያ፤ በቃ። መሐንዲሶቹ ከፕሮሰሰሩ አይጀምሩም፤ "ይህ ሣጥን ስንት ዋት ያስወጣል?" ከሚለው ነው የሚጀምሩት። ፕሮሰሰሩ በዚያ ልክ ይሰፋለታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ 15 ወይም 65 ዋት የሚለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ በመደበኛ ፍጥነቱ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ማቀዝቀዣው ሊችለው የሚገባ የሙቀት ልክ ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል።

ትንሽ ቀንሶ ብዙ ማትረፍ

15 ዋት የ65 ዋት ሩብ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ላፕቶፑ ሥራውም ሩብ ያልሆነው ለምንድን ነው?

ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮች በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሞላል፣ ይፈሳል። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው ልክ ያድጋል። ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅም ከፍ ማድረግ የግድ ስለሚሆን ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ።

በቁጥር እንየው። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብንቀንስና ቮልቴጁንም በ20 በመቶ ብናወርድ፣ ኃይሉ 0.8 ሲባዛ 0.8 ሲባዛ 0.8 ይሆናል፤ ማለትም 0.51 ገደማ። ከፍጥነቱ አንድ አምስተኛውን ብቻ ከፍለን ከኃይሉ ግማሹን አተረፍን ማለት ነው! በእውነተኛ ፕሮሰሰር ላይ ቮልቴጅ ያለ ገደብ ስለማይወርድ ትርፉ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ምስጢር ግን ይሄው ነው። ዴስክቶፕ የመጨረሻዋን ጉልበት ለማውጣት ብዙ ዋት ያፈሳል፤ ላፕቶፕ ያቺን የመጨረሻ ጉልበት ይተዋታል። ቀደም ያለውን ሻካራ ስሌት በዋት ብናካፍለው ላፕቶፑ ለእያንዳንዱ ዋት 0.36፣ ዴስክቶፑ 0.21 ይደርሳቸዋል። በዋት ካየነው አሸናፊው ላፕቶፑ ነው።

ስለዚህ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የዴስክቶፑ ደካማ ቅጂ አይደለም። እንዲያውም ታሪኩ የተገላቢጦሽ የሆነበት ጊዜ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ፔንቲየም 4 ጊጋኸርዙን እየቆለለ ሲሮጥ ሙቀቱ አላራምድ አለው። በዚያው ሰሞን በ2003 ለላፕቶፕ ተብሎ ፔንቲየም ኤም ወጣ፤ ጊጋኸርዙ ዝቅ ያለ፣ በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራ ግን የበለጠ ነበር። በ2006 ኮር 2 ዱኦ ዴስክቶፕ ላይ ሲመጣ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከላፕቶፑ መስመር እንጂ ከፔንቲየም 4 አልነበረም። ታናሹ ታላቁን ወለደ በሉት።

መጀመሪያ ፈረስ፣ በኋላ አህያ

ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ "አየህ እንዴት እንደሚፈጥን!" ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ያሳያችሁ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ቀዝቃዛ ሲሆን ከልኩ በላይ ኃይል እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ ይህ ቱርቦ ይባላል። ኢንቴል በብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ እንደ መነሻ የሚያስቀምጠው የጊዜ ልክ 28 ሰከንድ ነው፤ የላፕቶፑ አምራች ሊያስረዝመውም ሊያሳጥረውም ይችላል። ከዚያ በኋላ ወደ 15 ዋቱ ይመለሳል። ዴስክቶፕ ግን ማቀዝቀዣው ደህና ከሆነ ሰዓታት ሙሉ በከፍተኛ ፍጥነቱ ይቆያል።

የማቀዝቀዣን ድርሻ ለብቻው ማየት ለሚፈልግ ጥሩ ማስረጃ አፕል ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኤም1 የተባለውን ቺፕ ማራገቢያ በሌለው ማክቡክ ኤር ላፕቶፕ ላይም፣ ማራገቢያ ባለው ማክ ሚኒ ዴስክቶፕ ላይም አወጣው። ቺፑ አንድ ነው። በአጭር ሥራ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሥራው ሲረዝም ግን ማራገቢያ የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል።

ደጋ ላይ ያለ አየር

ሐይቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ነው፤ አየሩ ግን ስስ ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች በመግለጫቸው ላይ የከፍታ ወሰን፣ ለምሳሌ 3,048 ሜትር፣ የሚጽፉትም አንድም ለዚህ ነው።

"እንግዲያው ላፕቶፕ ቆላ ላይ ይሻለዋል" እንዳትሉ። ሙቀት የሚወጣው በፕሮሰሰሩና በአካባቢው አየር መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ክፍላችሁ 20 ዲግሪ ከሆነ እስከ 100 ዲግሪ ድረስ 80 ዲግሪ ልዩነት አለ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወርዳችሁ ሰመራ ብትገቡና ክፍሉ 40 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚቀራችሁ 60 ነው። 80ውን ለስስ አየሩ በ0.82 ብናባዛው 66 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ቀለል ያለ ስሌት፣ የደጋው ቅዝቃዜ የስስ አየሩን ጉዳት ክሶ ትንሽም ይተርፈዋል።

ይልቅ ላፕቶፕን የሚገድለው አቧራና ብርድ ልብስ ነው። አልጋ ላይ አድርጋችሁት ስትሠሩ ከሥሩ ያለው የአየር መግቢያ ይዘጋል። ዓመታት የቆየ ላፕቶፕ ደግሞ የብረት ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ይገኛል። ያገለገለ ላፕቶፕ "ድሮ ይፈጥን ነበር፣ አሁን ተንቀራፈፈ" የሚባለው አንዳንዴ ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ሳይሆን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው። ጥሩ ባለሙያ ከፍቶ ሲያጸዳው ነፍስ ይዘራል።

መብራት ሲጠፋ

እስካሁን ስለ ፍጥነት አወራን። በእኛ አካባቢ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ መብራት ሲጠፋስ?

50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ሁሉም ነገሩ ተደምሮ በአማካይ 10 ዋት ቢበላ 5 ሰዓት ይሠራል። ዴስክቶፕ ግን መብራት በጠፋች ቅጽበት ያላስቀመጣችሁትን ሥራ ይዞ ይጠፋል። ዩፒኤስ ቢኖራችሁም፣ በትንንሾቹ ውስጥ የሚገባው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ነው፤ ይህ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው። ዴስክቶፑ ከነስክሪኑ 100 ዋት ቢበላ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነውም ተጨምሮ፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቢያቆያችሁ ነው። ዩፒኤስ ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን አስቀምጦ ለመዝጋት ነው የሚጠቅመው።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰደ ማሽን አገራችንም ገብቶ ነበር። "ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ" የተባለው ፕሮጀክት ለሕፃናት የሠራው ኤክስኦ የተባለው ትንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በሺዎች ታድሏል። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ጂዮድ ኤልኤክስ 700 ነበር፤ 433 ሜጋኸርዝ ብቻ፤ አምራቹ የሰጠው የኃይል ልክ 0.8 ዋት። ማራገቢያ አልነበረውም። በዘመኑ እንኳ ቀርፋፋ የሚባል ፍጥነት ነው። የሠሩት ሰዎች ግን የጠየቁት "ስንት ጊጋኸርዝ?" ብለው አልነበረም፤ "መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?" ብለው ነበር። ጥያቄው ሲለወጥ ትክክለኛው ፕሮሰሰርም ይለወጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት

እንግዲህ በዚህ እውቀት ሱቅ እንግባ።

አንደኛ፣ ስሙ ላይ አትቁሙ፤ ከቁጥሩ በኋላ ያለችውን የላቲን ፊደል እዩ። በኢንቴል የአይ3፣ አይ5፣ አይ7 ቤተሰብ "ዩ" ከሆነች ኃይል ቆጣቢ ላፕቶፕ ነው፤ በብዙዎቹ 15 ዋት። "ኤች" ወይም "ኤችኪው" ከሆነች ጉልበተኛ ላፕቶፕ ነው፤ በብዙዎቹ 45 ዋት፤ ክብደቱና ቻርጀሩም ከፍ ይላል። በድሮዎቹ ላይ የምታገኟት "ኤም" የላፕቶፕ ምልክት ነች። ምንም ፊደል ከሌለ ዴስክቶፕ ነው። "ኬ" ፍጥነቱ ሊስተካከል የሚችል ዴስክቶፕ ነው። "ቲ" ደግሞ 35 ዋት ገደማ የሚበላ ቆጣቢ ዴስክቶፕ ነው፤ መጽሐፍ በሚያህሉት ትንንሽ ዴስክቶፖች ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የኮሩን ቁጥር ራሳችሁ አረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። "ፐርፎርማንስ" የሚለው ውስጥ ሲፒዩ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ መደበኛ ፍጥነቱና የኮሩ ብዛት ተጽፏል። እዚያ ላይ ትውልድም እንደሚለይ ታያላችሁ፦ ከ7500ዩ አንድ ትውልድ ብቻ የሚያንሰው አይ5-8250ዩ በዚያው 15 ዋት 4 ኮር አለው። ስለዚህ ቀጣዩ ትውልድ አይ5፣ ያለፈውን አይ7 በኮር ብዛት እጥፍ ይበልጠዋል።

ሦስተኛ፣ ሥራችሁን እወቁ። ለመጻፍ፣ ለማንበብ፣ ኮድ ለመማር፣ ኦቶካድ ላይ ቀላል ንድፍ ለመሥራት በአብዛኛው የሚፈለገው አንድ ፈጣን ኮር ነው፤ እዚያ ላይ የሁለቱ ምሳሌዎቻችን ልዩነት 3.5 እና 3.8 ነው፤ 8 በመቶ ገደማ። አትለዩትም። ቪዲዮ ማቀናበር ወይም የሕንፃና የማሽን ሲሙሌሽን ማስኬድ ግን ኮሮቹን ሁሉ ለረጅም ሰዓት ያሠራል፤ እዚያ ዴስክቶፑ ጥሎት ይሄዳል።

አራተኛ፣ ነገን አስቡ። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሶኬት ላይ ስለሚቀመጥ ይነቀላል፤ አይ5-7500 የገባበት ማዘርቦርድ በዚያው ቦታ አይ7-7700 መቀበል ይችላል። የአሁኖቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው ነው የሚመጡት፤ የገዛችሁት ያው ነው።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ይሁን ሌላ ቦታ የሚገባ፣ ከዶርም ክፍል፣ ከክፍል ቤተ መጻሕፍት የሚመላለስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፕ ነው የሚሻለው፤ አዲስ ትውልድ "ዩ" ከአሮጌ "አይ7" ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ልክፈት የሚል ወጣት ደግሞ በዚያው ብር ዴስክቶፕ ቢገዛ ብዙ ጉልበት ያገኛል፤ ዩፒኤሱን ግን በጀቱ ውስጥ ያስገባ።

ላፕቶፕ ከመረጣችሁ ሱቁ ውስጥ አሥር ደቂቃ ጠይቁ። ታስክ ማናጀሩን ክፍት አድርጋችሁ አንድ ከባድ ሥራ፣ ለምሳሌ ትልቅ ፎልደር መጭመቅ፣ አስጀምሩ። ጊጋኸርዙ መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይረጋል። ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ወይም አጠገቡ ከረጋ ማቀዝቀዣው ጤነኛ ነው። ከዚያ በታች እየወረደ ከሄደና ማራገቢያው እየጮኸ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው፤ ወይ ይጸዳላችሁ፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ስቲከር የማይነግራችሁን ያ ቁጥር ይነግራችኋል።